የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525፦ ተጠቃሚና ነጋዴ በግራም ይለዩ (የማሻሻያ ረቂቅ ለውይይት)

ፉሪ_ጠበቃ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። የካናቢስ ጉዳይ በተነሳ ቁጥር "ይፈቀድ"፣ "አይፈቀድ" እየተባባልን የሕጉን ጽሑፍ ሳንነካ እንለያያለን። ዛሬ ከጽሑፉ እንጀምር።

በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣው የወንጀል ሕግ፣ አንቀጽ 525 ንዑስ አንቀጽ 1፣ ያለ ልዩ ፈቃድ መትከልን፣ ማምረትን፣ ማስገባትን፣ ማስወጣትን፣ ማጓጓዝን፣ መደለልን፣ መግዛትን፣ ማከማቸትን፣ ማከፋፈልን አንድ ላይ ይደረድራል። ቅጣቱ ከአምስት ዓመት የማያንስ ጽኑ እስራትና እስከ አንድ መቶ ሺህ ብር መቀጮ ነው። ግራም የሚባል ነገር የለበትም። መጠቀምን የሚመለከተው ድንጋጌ እዚያው አንቀጽ ውስጥ ወደ ታች ወረድ ብሎ ይገኛል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ለራሱ ሊጠቀም የያዘ ሰው መጀመሪያ ገዝቷል፤ ከገዛም በኋላ የሆነ ቦታ አስቀምጧል። ስለዚህ ከሳሹ "ገዝቷል፣ አከማችቷል" ካለ ተከሳሹ ከኩንታል ነጋዴው ጋር በአንድ መነሻ ይቆማል። "ተጠቅሟል" ካለ ደግሞ ያው ሰው፣ ያው ዕፅ፣ ሌላ ቅጣት። የቅጣት አወሳሰን መመሪያ (ቁጥር 2/2006) ከጥፋተኝነት በኋላ የሚመጣ መሣሪያ ነው፤ የክሱን ንዑስ አንቀጽ አይቀይርም።

የማቀርበው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ለግል መጠቀሚያ የሚቆጠር መጠን በሕጉ ውስጥ በቁጥር ይጻፍ፤ ከዚያ በታች የያዘ ለእስር ሳይሆን ለጤና ባለሙያ ይቅረብ። ሁለተኛ፣ በሐኪም ለሚታዘዙ ከካናቢስ ለተሠሩ መድኃኒቶች የፈቃድ በር ይከፈት። ሦስተኛ፣ ለቃጫና ለፍሬ የሚተከለው ሄምፕ (የማያሰክረው የካናቢስ ዓይነት) ከአንቀጹ ይውጣ። በንግድ ላይ ያለው ቅጣት ይቀነስ አላልኩም፤ ልጆችን ደንበኛ የሚያደርግ ሰው ላይ ይጥበቅ ብትሉም እስማማለሁ።

አስተባባሪ

ክሩ ስለ ሕግ ነው። የት ይገኛል፣ ስንት ይሸጣል፣ እንዴት ይተከላል የሚል ጽሑፍ ይሰረዛል።

ቤተ_ሙከራ

ሐሳቡን እደግፋለሁ፤ ግን "ግራም" ብለህ ብቻ ከተውከው ነገ አዲስ ጭቅጭቅ ትፈጥራለህ። የምኑ ግራም? እርጥብ የአበባ ጫፍ ሲደርቅ ከክብደቱ ከሦስት አራተኛ በላይ ያጣል። 60 ግራም እርጥብ ተይዞ ለምርመራ እስኪደርስ 14 ግራም ቢሆን የትኛው ነው መዝገብ ላይ የሚሰፍረው? ሥሩ ላይ አፈር ያለበት ተክል ተነቅሎ በፌስታል ቢመዘንስ? ግንዱና እንጨቱ አብሮ ከተመዘነ ሁለት ተክል የነጋዴ ሚዛን ይደፋል። ስህተት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ በሕጉ አባሪ ላይ የሚከተለው ይግባ። መጠኑ የሚለካው በደረቀ፣ ከግንድና ከሥር በተለየ ቅጠልና አበባ የተጣራ ክብደት ነው። መጠቅለያው ለብቻ ተመዝኖ ይቀነሳል፤ ጋዜጣም ፌስታልም ክብደት አለው፣ በትንሽ መጠን ላይ ደግሞ ወሳኝ ነው። ሚዛኑ እስከ 0.01 ግራም የሚያነብና የልኬት ማረጋገጫው ጊዜው ያላለፈ ይሁን። ምዘናው ተጠርጣሪው ባለበት ይከናወን፤ የሚዛኑ ቁጥር የሚታይበት ፎቶ ይነሳ፤ ተጠርጣሪው ይፈርም፣ አልፈርምም ካለ ይኸው ይመዝገብ። ናሙናው ለሁለት ተከፍሎ ይታሸግ፦ አንዱ ለምርመራ፣ ሌላው መከላከያ ድጋሚ ይመርመርልኝ ካለ የሚከፈት። እርጥብ ኤግዚቢት በፌስታል ታሽጎ ከተቀመጠ በሁለት በሦስት ቀን ይሻግታል፤ በወረቀት ከረጢት ነው የሚቀመጠው።

ሌላም አለ። በመስክ የሚደረገው የቀለም ምርመራ የሚያመለክተው "ሊሆን ይችላል" የሚለውን ብቻ ነው። ወይን ጠጅ ቀለም ስላወጣ የቲኤችሲ (የሚያሰክረው ንጥረ ነገር) መጠኑ ታወቀ ማለት አይደለም፤ ሄምፕንም ከሚያሰክረው ዓይነት አይለይም። መለኪያው ክሮማቶግራፊ (ንጥረ ነገሮችን ለያይቶ የሚለካ የቤተ ሙከራ ዘዴ) ነው። እዚያም ላይ ጥንቃቄ አለ፦ በተክሉ ውስጥ ያለው በአብዛኛው ቲኤችሲኤ የሚባለው አሲዱ ነው። በፈሳሽ ክሮማቶግራፊ ከተለካ ጠቅላላው ቲኤችሲ = ቲኤችሲ + (0.877 × ቲኤችሲኤ) ተብሎ ይሰላል። በጋዝ ክሮማቶግራፊ ግን ሙቀቱ አሲዱን ራሱ ስለሚለውጠው ውጤቱ እንዳለ ይወሰዳል። በሁለተኛው ዘዴ የተለካን ቁጥር እንደገና በቀመሩ ካስገባነው እጥፍ ቆጠርን ማለት ነው። የሪፖርቱ ቅጽ ዘዴውን መግለጽ አለበት።

ነርስ_አየር_ጤና

እኔ ደግሞ ከሌላው ጎን ልምጣ። ከእስር ታወጡታላችሁ፤ ከዚያስ? "ለጤና ባለሙያ ይቅረብ" የሚለው ሐረግ ወረቀት ላይ ያምራል። በጀሞ፣ በአየር ጤና፣ በቆዬ ፈጬ ያለ ጤና ጣቢያ ውስጥ ማን ነው የሚቀበለው? ሁሉንም ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ከላካችሁ በእርግጥ አልጋ የሚያስፈልገው ሰው ወረፋ ይጠብቃል።

ደግሞ ጉዳቱን አታሳንሱት። በአሥራዎቹ ዕድሜ አዘውትሮ መጠቀም፣ በተለይ ቲኤችሲው ከፍ ያለውን፣ ለሥነ አእምሮ ቀውስ ያለውን ተጋላጭነት ይጨምራል። በቤተሰብ ውስጥ ተመሳሳይ ሕመም ላለበት ልጅ አደጋው የባሰ ነው። ድምፅ መስማት፣ ሰው ሁሉ እያሴረብኝ ነው ማለት፣ ለቀናት እንቅልፍ ማጣት ከታየ ይህ ድንገተኛ ሕክምና የሚሻ ነው፤ ፖሊስ ጣቢያም ጸበልም ብቻውን አይበቃም።

ፉሪ_ጠበቃ

እህቴ፣ ትክክል ነሽ፤ ረቂቁ እዚህ ላይ ባዶ ነው። አንቺ ሙያሽ ስለሆነ ምን ይጻፍ?

ነርስ_አየር_ጤና

የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው አሲስት የሚባል መጠይቅ አለ። ስምንት ጥያቄ ነው፤ የሠለጠነ ነርስ ወይም የጤና መኮንን በጥቂት ደቂቃ ይጨርሰዋል። ለካናቢስ ውጤቱ ከ0 እስከ 3 ከሆነ መረጃ ሰጥቶ ማሰናበት ነው። ከ4 እስከ 26 ከሆነ እዚያው ጤና ጣቢያ አጭር ምክር ይሰጣል። 27 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ስፔሻሊስት ይላካል። አብዛኛው ሰው ሪፈር አያስፈልገውም፤ ስለዚህ የሚጻፈው "ሕክምና ይወስዳል" ሳይሆን "ይመረመራል፣ እንደ ውጤቱ ይስተናገዳል" ነው። ሕክምናን በግዴታ ለማያስፈልገው ሰው ከሰጣችሁ ክፍሉን ሞልታችሁ ሥራውን ታበላሹታላችሁ።

ሁለት ነገር ጨምሩበት። የመጠይቁ መልስ በክስ ላይ ማስረጃ እንዳይሆን በግልጽ ይከልከል፤ አለበለዚያ ማንም እውነቱን አይናገርም። ዕድሜን በተመለከተ ደግሞ አዋጅ 1112/2011 ለትምባሆና ለአልኮል ሽያጭ 21 ዓመትን አስቀምጧል፤ ከዚያ ዝቅ ያለ ቁጥር እንዳትጽፉ። ከ21 በታች የሆነ ሲያዝ ምርመራው የግድ ይሁን፤ ከ18 በታች ከሆነ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ባለበት።

ፖርቱጋል ከሐምሌ 2001 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሠራችበትን ብታዩ፣ የያዘው ሰው የሚቀርበው የሕግ፣ የጤናና የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ ያለበት ሦስት አባላት ላለው ኮሚሽን ነው። ያለ ኮሚሽኑና ያለ ጤና ጣቢያው መጠኑ ብቻ ተቀድቶ ቢመጣ ግማሹን ማምጣት ነው።

ቤተ_ሙከራ

ፖርቱጋል ከተነሳ ቁጥሩም ይነሳ። እዚያ የአሥር ቀን ፍጆታ ተብሎ የተያዘው 25 ግራም ቅጠል ወይም 5 ግራም ከአበባው የሚወጣ ሙጫ ነው። ጀርመን ከሚያዝያ 1 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከቤት ውጭ 25፣ ቤት ውስጥ 50 ግራም ፈቅዳለች። ሜክሲኮ በ2009 (እ.ኤ.አ.) 5 ግራም ብላ ጻፈች። ቁጥሩ በጣም ሲያንስ ተራ ተጠቃሚ በራሱ በሕጉ "ነጋዴ" ይሆናል። ከአሁኑም ይብሳል፤ ዛሬ ዳኛው የሚመዝነውን ነገር ነገ ቁጥሩ ይዘጋበታል። ስለዚህ ከመጠኑ በላይ መያዝ የንግድ ማስረጃ ሊሆን የሚችል እንጂ የሚበቃ አይሁን። ሚዛን፣ በትናንሽ የተቋጠረ ጥቅል፣ የገዢዎች መልእክት አብሮ ይታይ። በተቃራኒው 10 ግራም በሃያ ቋጠሮ ይዞ ትምህርት ቤት በር ላይ የቆመ ሰው በግራሙ አያምልጥ።

ዓለምገና

ከተማው ዳር ለምንኖር ሰዎች ከግራሙ በፊት የሚመጣ ጥያቄ አለ፦ የት ተያዘ? ጀሞ ውስጥ የተያዘ ሰው መዝገቡ ከአዲስ አበባ ፖሊስ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ይሄዳል። ጥቂት ወደ ምዕራብ አልፎ ፉሪ ወይም ሰበታ፣ ማለት በ2015 በተመሠረተው በሸገር ከተማ ክልል የተያዘ ግን በኦሮሚያ ፖሊስ እጅ ነው። የዕፅ ዝውውር የፌዴራል ጉዳይ ቢሆንም በክልል ሲሆን የክልሉ ፍርድ ቤቶች በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 78 እና 80 ውክልና ያዩታል፦ የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ቦታ፣ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፌዴራል ከፍተኛ ቦታ።

በተግባር የሚበላሸው ይህ ነው፦ ቤተሰብ ልጁ የሚኖርበት ክፍለ ከተማ ፖሊስ ጣቢያ ሲጠይቅ ይውላል፣ ልጁ ያለው ሌላ አስተዳደር ውስጥ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ለፍርድ ቤት መቅረቢያ ያስቀመጠው 48 ሰዓት ያለ ጠበቃ ያልፋል። መጀመሪያ የሚጠየቀው "የት ቦታ ላይ ተያዘ" ነው፤ መኖሪያ አድራሻ አይደለም። የፍርድ ቤቱ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ከሆነና ተከሳሹ የማይረዳው ከሆነ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 7 በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ይሰጠዋል። ይህን በመጀመሪያው ቀጠሮ ጠይቆ መዝገብ ላይ ማስፈር ነው፤ ቃል ከተሰጠ በኋላ ቢነሳ የተሰጠውን ቃል መልሶ ማስተካከል አስቸጋሪ ነው።

ለረቂቁ የሚጠቅመው ደግሞ ይህ ነው፦ የጤና ጣቢያው ጥሪ ከመያዣው ቦታ ሳይሆን ከመኖሪያው ጋር ይያያዝ። ሰበታ ተይዞ ጀሞ የሚኖር ሰው ሰበታ ተመላለስ ከተባለ ይቀራል፤ ከቀረ እንደገና ተፈላጊ ይሆናል።

ቆዬ_ፈጬ

አከራዮችስ? ኮንዶሚኒየም አከራይተው ሌላ ቦታ የሚኖሩ ብዙ ናቸው።

ፉሪ_ጠበቃ

አከራይን የሚያስጠይቀው እያወቀ ቤቱን ለዚህ ሥራ መስጠቱ ነው። አለማወቅን የሚያሳየው የጽሑፍ ውል ነው፦ የተከራዩ መታወቂያ ቅጂ፣ የኪራይ ክፍያ በባንክ፣ በውሉ ላይ ለሕገ ወጥ ሥራ እንደማይውል የሚል አንቀጽ። ጎረቤት በጽሑፍ ቅሬታ ካቀረበ በኋላ ዝም ያለ አከራይ ግን "አላውቅም" ሊል አይችልም። በረቂቁ ይህን ክፍል አልነካውም።

ለገጣፎ_ለገዳዲ

የሻሸመኔዎቹ ራስታዎች ጉዳይስ? ለእነሱ የእምነት ነገር ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 የሃይማኖት ነፃነት ተብሎ ለፍርድ ቤት ቢቀርብ አይሻልም? ደቡብ አፍሪካ በፍርድ ቤት ነው ያሸነፉት።

ፉሪ_ጠበቃ

ወንድሜ፣ የደቡብ አፍሪካውን ታሪክ ሙሉውን እንየው። ጋሬዝ ፕሪንስ የሚባለው ራስታ በ2002 (እ.ኤ.አ.) ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት የቀረበው በሃይማኖት ነፃነት ነበር፤ በአንድ ድምፅ ልዩነት፣ 5 ለ 4፣ ተሸነፈ። መስከረም 18 ቀን 2018 (እ.ኤ.አ.) ያው ሰው ያለበት ጉዳይ ሲያሸንፍ መሠረቱ የግል ሕይወት መብት ነበር፦ አዋቂ ሰው በግል ቦታ። ፓርላማው ሕጉን አውጥቶ ፕሬዚዳንቱ የፈረሙት በግንቦት 2024 (እ.ኤ.አ.) ነው። ስድስት ዓመት ገደማ ፖሊስም ተጠቃሚም መጠኑን ሳያውቁ ኖሩ።

የእኛ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል፤ አንቀጽ 27 ንዑስ አንቀጽ 5 ደግሞ ሃይማኖትን መግለጽ ለሕዝብ ጤናና ሥርዓት ሲባል በሕግ ሊገደብ እንደሚችል ይናገራል። ግን ዋናው ልዩነት ሌላ ነው። እዚህ ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው (አንቀጽ 62 እና 83)፤ ጉዳዩ በሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ በኩል ያልፋል። መደበኛ ዳኛ አንቀጽ 525ን ውድቅ ሊያደርግ አይችልም። የወንጀል ሕግ የማውጣት ሥልጣንም በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 5 የተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ክልል የሚያወጣው በፌዴራሉ ያልተሸፈነውን ብቻ ነው። ስለዚህ የእኛ መንገድ ምክር ቤቱ ነው። ራስታዎቹም መጀመሪያ የሚጠቀሙት ከዚሁ የግራም መለያ ነው።

ፋርማ_ሰበታ

ስለ መድኃኒቱ ጥቂት። ሰው "የካናቢስ መድኃኒት" ሲባል የሚጨስ ይመስለዋል። በሰኔ 2018 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የተፈቀደው ኤፒዲዮሌክስ የተጣራ ሲቢዲ (በካናቢስ ውስጥ ያለ ሌላ ንጥረ ነገር) ነው፤ አያሰክርም። የሚሰጠው ለሌሎች መድኃኒቶች ለማይበገር የልጆች የሚጥል ሕመም፣ ለድራቬትና ለሌኖክስ ጋስቶ ለሚባሉት ዓይነቶች ነው። 1 ሚሊ ሊትሩ 100 ሚሊ ግራም ይይዛል። መነሻው በኪሎ 2.5 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ስለሆነ 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ጠዋት 0.5፣ ማታ 0.5 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ከሳምንት በኋላ ሐኪሙ ወደ 1 እና 1 ያሳድገዋል። ከቫልፕሮዬት (ሌላ የሚጥል ሕመም መድኃኒት) ጋር ሲሰጥ የጉበት ኢንዛይም ይጨምራል፤ ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት፣ ከዚያም በ1፣ በ3 እና በ6 ወር የጉበት ምርመራ አለ። ከክሎባዛም፣ እሱም የሚጥል ሕመም መድኃኒት ነው፣ ጋር ከባድ እንቅልፍ ያመጣል። በሰሊጥ ዘይት የተዘጋጀ ስለሆነ የሰሊጥ አለርጂ ይጠየቃል።

ይህን የምጽፈው በጓዳ የተጨመቀ ዘይት ለልጅ የሚሰጥ ወላጅ እንዳይኖር ነው። መጠኑ አይታወቅም፤ ሲቢዲ ነው ተብሎ ቲኤችሲ ሊኖርበት ይችላል። የሕግ በር ሲከፈት የሚገባው ይህ የተለካው ነው፦ በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ተመዝግቦ፣ እንደ ሞርፊን በልዩ ማዘዣ የሚወጣ። የሞርፊንን ትምህርትም እንውሰድ፦ በሕግ የተፈቀደ ሆኖም የካንሰር ሕመምተኛ የሚቸገረው ቅጹን የሚፈራና የማያከማች ስለሚበዛ ነው። አዋጁ ከወጣ በኋላ መመሪያው በስድስት ወር ውስጥ እንዲወጣ ቀን ይቆረጥለት።

ሆለታ_አግሮኖሚ

ሄምፕን በተመለከተ ብዙ ተስፋ የሚሸጡ ሰዎች ስላሉ ልብ ብለን እንሂድ። ተክሉ አጭር ቀን ሲያገኝ ያብባል። የአውሮፓ የቃጫ ዝርያዎች ቁመት የሚያወጡት 15፣ 16 ሰዓት ብርሃን ባለበት በጋ ነው። ሆለታ ላይ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ያንን ዘር አምጥተህ ብትዘራ ገና በጉልበት ቁመት ያብባል፤ ቃጫ የለም። ለሐሩር አካባቢ የተዳቀለ ዝርያ ያስፈልጋል፤ ያም መጀመሪያ በምርምር ማዕከል ማሳ ይፈተሻል። በአንዱ አገር ቲኤችሲው 0.3 በመቶ የነበረ ዝርያ በሌላ አየር ከገደቡ ሊያልፍ ይችላል፤ አጨዳ ሲዘገይም ቲኤችሲው ይወጣል። ሕጉ ለዚህ ገበሬ "ማሳው ይወገድ" ይበል እንጂ "ይታሰር" እንዳይል በግልጽ ይጻፍ።

ለመድኃኒት ምርት ግን ይህ አካባቢ ያለው ነገር ቀላል አይደለም። በሆለታና በሰበታ የአበባ እርሻዎች ግሪን ሃውስ፣ የጠብታ መስኖ፣ ማቀዝቀዣ ክፍል፣ ወደ ቦሌ ካርጎ የሚወስድ የቀዝቃዛ ሰንሰለትና የሠራተኛ ኃይል አለ። የሚጎድለው ማድረቂያና ቤተ ሙከራ ነው፤ በክረምት እርጥበት አበባው ከ10 እስከ 12 በመቶ እርጥበት ድረስ ካልወረደ ሻጋታ ይይዘዋል፣ ጀርመንም አትቀበለውም። የፈቃድ ክፍያውን ደግሞ ተጠንቀቁ። ዚምባብዌ በ2018 (እ.ኤ.አ.) 50,000 ዶላር ብላ ስትጀምር ትንሹ ገበሬ ከበሩ ተመለሰ። በማኅበር የተደራጁ አርሶ አደሮች የሚከፍሉት ደረጃ ለብቻ ይኑር።

ጎሮ_12

ይህ ሁሉ ጥሩ፤ ግን ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የዕፅ ስምምነቶች ፈርማለች። ይህን እንዴት ታልፉታላችሁ?

ፉሪ_ጠበቃ

አናልፈውም፤ በውስጡ ነው የምንሄደው። የ1961ዱ (እ.ኤ.አ.) ስምምነት ለሕክምናና ለሳይንስ መጠቀምን ይፈቅዳል፤ አንቀጽ 28 ንዑስ 2 ለቃጫና ለፍሬ የሚተከለውን ጭራሽ አይመለከትም። የ1988ቱ (እ.ኤ.አ.) አንቀጽ 3 ደግሞ ለግል ፍጆታ መያዝን በተመለከተ በቅጣት ፈንታ ወይም ከቅጣት ጋር ሕክምናና ትምህርት እንዲሰጥ በር ከፍቷል። ታኅሣሥ 2 ቀን 2020 (እ.ኤ.አ.) የአደንዛዥ ዕፆች ኮሚሽን በ27 ድጋፍ፣ በ25 ተቃውሞና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ካናቢስን እጅግ ጥብቅ ቁጥጥር ካለበት ከሠንጠረዥ አራት አውጥቶታል፤ ሠንጠረዥ አንድ ላይ ግን አለ፣ ማለት አሁንም በቁጥጥር ሥር ነው። ስለዚህ "ነፃ ተደረገ" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አርሙት፤ በኮሚቴ ፊት እንዲህ ያለ ስህተት ሙሉ ሰነዱን ያስጥላል።

አካሄዱን ላስቀምጥ። መጀመሪያ ቁጥር። በመረጃ ነፃነት አዋጅ 590/2000 መሠረት በአንቀጽ 525 የተከሰሱ ስንት ናቸው፣ በየትኛው ንዑስ አንቀጽ፣ በስንት ግራም የሚል ጥያቄ በጽሑፍ ይቀርባል፤ ምላሹ በ30 ቀን ውስጥ ነው። ሲቀርብ የገቢ ቁጥር የተጻፈበት ቅጂ ይዛችሁ ውጡ። ሁለተኛ፣ በሲቪል ማኅበራት አዋጅ 1113/2011 አምስት ሰው ማኅበር መመሥረት ይችላል፤ ሕግ እንዲሻሻል መወትወትም ክልክል አይደለም። ሦስተኛ፣ ረቂቁ ከሐተታ ዘምክንያት ጋር ለፍትሕ ሚኒስቴርም ለተወካዮች ምክር ቤት የሕግና ፍትሕ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴም ይገባል። የወንጀል ሕጉ ሙሉ በሙሉ እስኪከለስ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የሙስና ወንጀሎች በአዋጅ 881/2007፣ ሰው መነገድ በአዋጅ 1178/2012 ለብቻቸው ወጥተዋል። በስብሰባም በሰልፍም ላይ ለናሙና ብሎ ዕፁን ይዞ የሚመጣ ሰው እንዳይኖር፤ ሐሳብን የሚጠብቀው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ኪስ ውስጥ ያለውን አይጠብቅም።

ከላይ በተባለው መሠረት የተስተካከለው የንዑስ አንቀጽ ረቂቅ ይኸው፦

"(ሀ) ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው ሰው በደረቀና በተጣራ ክብደት ከ25 ግራም ያልበለጠ የካናቢስ ቅጠል ወይም አበባ፣ ወይም ከ5 ግራም ያልበለጠ ሙጫ፣ ለራሱ መጠቀሚያ ይዞ ሲገኝ ዕፁ ተወርሶ በመኖሪያው አካባቢ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ለምርመራ ይላካል፤ በዚህ ምክንያት አይከሰስም። (ለ) ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች የሆነ ሰው ሲሆን ምርመራው ግዴታ ነው፤ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ወላጁ ወይም አሳዳጊው ይገኛል። (ሐ) ከተጠቀሰው መጠን በላይ መያዝ ለብቻው በቂ የንግድ ማስረጃ አይሆንም፤ ከመጠኑ በታች መያዝም ለሌላ ሰው ለማከፋፈል መሆኑ በማስረጃ ከተረጋገጠ ከቅጣት አያድንም። (መ) በጤና ጣቢያ ምርመራ የተሰጠ መልስ በወንጀል ክስ ማስረጃ ሆኖ አይቀርብም። (ሠ) አመዛዘኑና የናሙና አያያዙ በዚህ ሕግ አባሪ መሠረት ይፈጸማል።"

ቤተ_ሙከራ፣ አባሪውን ጻፍልን። ነርስ_አየር_ጤና፣ "(ለ)" ላይ ልጁ ሁለተኛ ጊዜ ቢያዝ ምን እንደሚሆን አልጻፍኩም፤ ያንቺን ሐሳብ እጠብቃለሁ።

ነርስ_አየር_ጤና

ሁለተኛ ጊዜ ከሆነ መጠይቁ ይደገም፣ ውጤቱ ካለፈው ጋር ይነፃፀር። ከፍ ካለ አራት የምክር ቀጠሮ በየሁለት ሳምንቱ፣ ትምህርት ቤቱ ሳይነገረው። ትምህርት ቤት ከሰማ ይባረራል፤ ከተባረረ ውሎው ከሚሸጡለት ሰዎች ጋር ይሆናል። ሚስጥራዊነቱን በ"(መ)" ላይ ጨምርበት።

ቤተ_ሙከራ

አባሪውን እስከ እሑድ እለጥፋለሁ። የወረቀት ከረጢቱን መጠንና የማሸጊያ ቁጥር አሰጣጡን ጨምሬ።